መቋሚያው በር ላይ የቀረ ዕለት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢና ከዘራ ሸለሙኝ። ጋቢውን እለብሰዋለሁ፤ ንፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይዶለምና። ከዘራውን ግን ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ጎረቤቶቼ «ጋሼ ተገኘ፣ ጉልበትዎ ከድቶዎት እያዩ ምነው ከዘራውን ቢይዙት?» ይሉኛል። «ልጆቼ፣ ያያችሁትን ሁሉ አትጠይቁ» እላቸዋለሁ። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ብሎ መመለስ ይፈቀድለታል፤ ከጡረታ ያገኘሁት ትርፍ ይኸው ነው።

በሽኝቱ ላይ ዳይሬክተሩ ብድግ ብለው «ስንቱን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ መምህር!» አሉና አስጨበጨቡልኝ። ሐኪም የሆነውን፣ ዳኛ የሆነውን፣ አውሮፓ የሄደውን እየጠሩ ዘረዘሩ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የማስበው ስሙ ያልተጠራውን ነበር። ልሳነወርቅ ይባላል። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው ተማሪዎች ሁሉ እንግሊዝኛን እንደሱ የተቀበለ አላየሁም፤ እንደሱም የተቀጣበት አላየሁም። ትዝታህን ጻፍ ካላችሁኝ የምጽፈው የሱን ነው። የቀረው ደሞዝና ዝውውር ነው።

የተወለድሁት እስቴ ነው። ፊደልና ዳዊት ከደብር ቆጥሬ፣ ደብረ ታቦር ሄጄ ስምንተኛ ክፍል ጨረስሁ፤ ከዚያ ጥቂት ወራት ሠልጥኜ «አስተማሪ» ተባልሁ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። የመጀመሪያ ምድቤ ስማዳ፣ ወገዳ ሆነ። ስደርስ ትምህርት ቤት የተባለው አንድ የሣር ክዳን ቤት ነው፤ መሐሉ በጭቃ ግድግዳ ተከፍሏል፤ ግድግዳው ግን ጣሪያው ድረስ አይደርስም። በዚያ ወገን የሒሳብ ቁጥር ሲጮህ በዚህ ወገን የኔ እንግሊዝኛ አይሰማም። አለቃዬ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሰው ነበሩ። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም፤ ነገር ግን ክፍል ገብተው ከኋላ ይቀመጡና ሲወጡ «ዛሬ ደህና ነህ፤ ፍጥነት ግን ይጎድልሃል» ይሉኛል። ፍጥነት! እንግሊዞቹ ሲፈጥኑ የት ሰምተዋቸው እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።

የተሰጠኝ መጽሐፍ ስለ ባቡርና ስለ ባሕር ዳርቻ ነው የሚያወራው። «መምህር፣ ባቡር ምን ይመስላል?» ይሉኛል ተማሪዎቹ። እኔስ የት አየሁት!

«ረጅም ነው» እላለሁ።

«እንደ እባብ?»

«አዎ፣ እንደ እባብ።»

«ታዲያ ሰዎቹ ምን ነክቷቸው ሆዱ ውስጥ ይገባሉ?»

ወይ ጣጣ! ወገዳ ላይ የሠራሁት ሥራ ይኸው ነው። ተማሪው ስድስተኛ ክፍል ጨርሶ ሲወጣ የሚያውቀው «ጉድ ሞርኒንግ ሰር» ማለትና ሰው የሚውጥ ባቡር ነበር። ደሞዛችን ዘግይቶ በበቅሎ እስኪመጣ ድረስ በዱቤ እንበላለን፤ እሱን ተዉት፣ ያልራበው አስተማሪ በዚያ ዘመን አልነበረም። የራበኝ ሌላ ነገር ነው። የማስተምረውን እኔ ራሴ አላምነውም ነበር።

ከዚያ ወደ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ተዛወርሁና የኔታ እንግዳን አገኘኋቸው።

የኔታ እንግዳ የስምንተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበሩ። «የኔታ» የቄስ ትምህርት መምህር መጠሪያ ነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ በዚህ ስም ሲጠራ የሰማሁት እሳቸውን ብቻ ነው። ድጓ የተማሩት እዚያው ጋይንት ካለው የድጓ ምስክር ቤት፣ ከቤተ ልሔም ነው፤ ቅኔም ተቀኝተዋል። ኋላ ላይ ጎንደር ከአንድ ህንዳዊ አስተማሪ እንግሊዝኛ ተምረው ወደ ጋይንት ተመለሱ። ነጭ ጥምጥም፣ ጥቁር ካባ፣ በእጃቸው መቋሚያ። መቋሚያውን ክፍል ይዘውት ይገባሉ። ግን አንድም ተማሪ መትተውበት አያውቁም። ጥያቄ ይጠይቁና ዝም ይላሉ። ክፍሉም ዝም ይላል። አንደኛውን ተማሪ በዓይናቸው ይዘው ትንሽ ያቆዩታል፤ ከዚያ መቋሚያውን ወለሉ ላይ ቋ! ያደርጉታል። መልስ የሚወጣው ያኔ ነው። መቋሚያው ቋ! ሳይል አፉን የከፈተ፣ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ «ያልበሰለ ነው፤ መልሰህ ክደነው» ይባላል።

አንድ ቀን «የኔታ፣ ለምን እንዲህ ያቆዩአቸዋል?» አልኋቸው።

«አንተ ተገኘ፣ የኛ ሰው እንግሊዝኛ ሲናገር አፉ ከልቡ ይቀድማል» አሉኝ። «ልቡ እስኪደርስ ድረስ አፉን የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ያ ሰው ነኝ።»

የማስተማር ነገራቸውን በር ላይ ቆሜ ስሰማ ተማሪ ሊፈልገኝ እስኪመጣ ድረስ የራሴን ክፍል እረሳው ነበር። እንግሊዝኛ ለኛ ሰው የሚከብድባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ያውቋቸዋል። የኛ ግስ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣ፤ የእነሱ መሐል ይገባል። ተማሪው ሁሉ እዚያ ላይ ይደናቀፋል፤ «አይ ማርኬት ቱ ዌንት» ይላል። የኔታ አይቆጡም። «የኛ ግስ እንደ ታቦት ነው» ይላሉ፤ «ዲያቆኑም መዘምራኑም ቀድመው ካለፉ በኋላ ነው የሚወጣ። የእንግሊዝ ግስ ግን እንደ ሙሽራ ነው፤ መሐል አስገብታችሁ ፊትና ኋላ አጅቡት።» ከዚያ አራት ተማሪ ያስነሡና እያንዳንዱን ቃል አድርገው ያሰልፏቸዋል። ግሱን የሆነው መሐል ገብቶ እንደ ሙሽራ ይኮፈሳል። ክፍሉ ይስቃል። ስህተቱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አይመለስም።

«ኤ» እና «ዘ» የሚባሉት ሁለት ትንንሽ ቃላትማ ስንቱን አስተማሪ አሸብተዋል! የኔታ በሩን ከፍተው አንዱን ውጭ ያቆሙታል። «ይኸ ማነው?» ይላሉ። «አናውቀውም፤ አንድ ሰው ነው።» «እንግዲያው ‹ኤ› ነው። አስገቡት፣ እግሩን እጠቡት፣ አስቀምጡት። አሁንስ?» «ሰውየው!» «እንግዲያው ‹ዘ› ሆነ። ቤት የገባ እንግዳ ዳግመኛ ‹አንድ ሰው› አይባልም፤ ነውር ነው።»

ልሳነወርቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ያልሁት ከነዚህ ትምህርቶች በአንዱ ነው። ጢሙ የበቀለ ሙሉ ሰው ነው፤ ከልጆቹ መሐል ተጣጥፎ ተቀምጧል። የዚያን ዕለት የኔታ «ሂ ጎዝ» ሲባል መጨረሻው ላይ ስለምትገባው «ዝ» ያስረዳሉ። «ብቻውን መንገድ የሄደ ሰው በትር ይይዛል፤ ‹ሂ ጎዝ›። ብዙ ሆነው ሲሄዱ በትር አያሻቸውም፤ ‹ዜይ ጎ›» አሉ። ልሳነወርቅ እጁን አወጣ። መቋሚያው ቋ! አለ።

«የኔታ፣ ‹አይ ጎ› ሲባልስ? እኔም እኮ አንድ ነኝ። በትሬ የት ሄደ?»

የኔታ ፊታቸው በራ። «አንተና እኔማ እዚሁ ነን፤ የት ሄድንና በትር ያሻናል? በትር የሚይዝ ሩቅ ያለው ነው። ግእዙስ ‹ሩቅ› እና ‹ቅርብ› ብሎ ለይቶ የለም?»

ልሳነወርቅ ራሱን ነቀነቀና ሳቀ። ግእዝ ያውቃልና የሁለቱ ቋንቋ በር በአንድ ቁልፍ ሲከፈት አየ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀናሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመምህሩም በተማሪውም ቀናሁ።

ልሳነወርቅ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ልንገራችሁና ነገሩ ይግባችሁ። አባቱ የአንድ ገጠር ደብር መሪጌታ ነበሩ። ሲሞቱ ቦታቸውና ለአገልግሎቱ የተሰጠው መሬት ለሱ ተላለፈ፤ ማኅሌት ቆሞ እስካገለገለ ድረስ ያርሰዋል ማለት ነው። እሱም ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር ቆይቶ ለማስመስከር ጥቂት ሲቀረው የኔታ እንግዳን አገኘና ልቡ ሸፈተ። አስተማሪ መሆን ፈለገ። ለዚያ ደግሞ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ማለፍ ነበረበት። ዕድሜው ስላለፈ ፈተናው ላይ የሚቀመጠው በልዩ ፈቃድ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቦታውን ያጎቱ ልጅ ተክቶ እንዲያገለግል ለምኖ መጣ። የደብሩ አለቃ ግን ቁርጡን ነገሩት፦ «እስከ መስቀል እጠብቅሃለሁ። አልፈህ መምህርነት ከገባህ እሰየው፤ መሬቱ ላጎትህ ልጅ ይሁን። ካላለፍህ ደግሞ ጓዝህን ጠቅልለህ ለደመራ ማኅሌቱ ላይ እንዳገኝህ። ቀኑ ካለፈ ግን መሬቱን የሚበላው የሚያገለግለው ሰው ነው።»

ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች አሉት። እነሱ ከዚያ መሬት ነው የሚበሉ።

የኔታ መጽሐፉን፣ ያን የባቡሩን መጽሐፍ፣ ጠረጴዛ ማስደገፊያ አድርገውታል። በሱ ፈንታ በእጃቸው የጻፉት አንድ የእንግሊዝኛ ድርሰት አላቸው፤ «የገበያ ቀን» ይባላል። አንድ ሰው ከአባቱ ጋር ገበያ ሄዶ፣ ገብስ ሸጦ፣ በግ ገዝቶ፣ በጉ መንገድ ላይ ጠፍቶበት ይመለሳል። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ተማሪ የሚሳሳትባት ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ተሰድራለች፤ ያለፈው ጊዜ፣ ሩቁና ቅርቡ፣ እንግዳውና ባለቤቱ፣ ሁሉም። ስንት ዓመት ሲያርሙት እንደኖሩ እሳቸው ብቻ ያውቃሉ። ተማሪዎቹ ያን ድርሰት እንደ ድጓ በቃላቸው ይቀበሉታል፤ በዜማ። ጠዋት ትምህርት ቤቱ አጠገብ ያለፈ ሰው «ላስት ሳተርደይ አይ ዌንት ቱ ማርኬት ዊዝ ማይ ፋዘር» የሚል ማኅሌት ይሰማል። ገበሬው ቆሞ ያማትባል።

«የኔታ፣ የራሳቸውን ቢጽፉስ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ይጽፋሉ፣ ሲደርሱ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በገባ ማግሥት ይዘርፋል እንዴ? መጀመሪያ የመምህሩን ቅኔ ተቀብሎ ይላል፤ ያም ቅኔ ልቡ ውስጥ ገብቶ ይወልዳል። ከአባቶች ቃል አንዲት ፊደል ሳትጨምር ሳትቀንስ ካላስረከብህ የራስህን ማን ያምንሃል?»

ልክ ናቸው። ዛሬም ልክ ናቸው እላለሁ። ልክ መሆን ምን ይጠቅማል፣ እሱን ነው የማላውቀው።

ፈተናው ደረሰ። ከደብረ ታቦር የመጡት ፈታኝ ተማሪውን አራርቀው አስቀመጡት፤ ጥላ እንኳ ከጥላ አይነካካም። እኔና የኔታ ከአጥሩ ውጭ ቆመናል። ሲያበቃ ልሳነወርቅ ካባውን እያውለበለበ ሮጦ መጣ፤ ያን ያህል ትልቅ ሰው ሲሮጥ ደስ አይልም፣ እሱ ግን ደስ አለ።

«የኔታ! ገበያው ወጣ!»

«ምን ወጣ?»

«ድርሰቱ! ‹የማትረሳውን አንድ ቀን ጻፍ› ይላል። ሁላችንም ገበያውን ጻፍነው። አንድ ቃል አልሳትንም!»

ሌሎቹም እየመጡ «እኔም አልሳትሁ፣ እኔም አልሳትሁ» አሉ። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አለቀሱ። ከደስታ ነው። እኔም አንገታቸውን አቀፍሁ።

ክረምቱ ገብቶ ሊወጣ ሲል ውጤት መጣ። የክፍሉ ሁሉ ውጤት ተሰርዟል። ምክንያት፦ ተማሪዎቹ ተኮራርጀዋል፤ ድርሰታቸው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንድ ነው።

የኔታ መጀመሪያ አልገባቸውም። «ከማን ኮረጁ?» አሉ። «ከኔ ነው የተቀበሉት፤ እኔም ወድጄ ሰጠኋቸው። ሌባ የሚባለው እኮ ባለቤቱ ሳይሰጠው የወሰደ ነው!» ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ «በኛ ቤት የሚቀጣው እኮ ቃል የሳተው ነው፤ ያልሳተ እንዴት ይቀጣል?» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ምነው ሸዋ!

ልሳነወርቅ ግን ተስፋ አልቆረጠም። መስቀል ሳይደርስ ወረቀቱ ወደታረመበት ወደ ጎንደር እንሂድ፣ ፈታኞቹ ፊት ልቁም፣ ያለኝን ይዩ አለ። ሄድን፤ የኔታ፣ እሱና እኔ። የጉናን ብርድ በእግራችን አልፈን እስከ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላይ።

ጉና ሽቅብ ስንወጣ የኔታ በእንግሊዝኛ ይጠይቁት ነበር። «ዋት ኢዝ ዛት?» ይላሉ በቅሎ እያሳዩ፤ መቋሚያው ድንጋዩን ቋ! ያደርጋል። «ዛት ኢዝ ኤ ሚዩል፣ የኔታ።» «ዘ ሚዩል የማነው?» ቋ! «ዘ ሚዩል ኢዝ ዘ ፕሪስትስ።» ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ማሳ፣ ስለ እረኛው ሁሉ ጠየቁት፤ ድርሰቱ ውስጥ የሌለ ነገር። ያልመለሰው አልነበረም። ቅኔው ወልዷል፤ በጆሮዬ ሰማሁ።

እኔም ልሞክረው ብዬ «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?» አልሁት። ዞሮ የኔታን አየ። የኔታ ፈገግ ብለው መቋሚያውን መታ አደረጉ፤ ወዲያው መለሰልኝ።

«እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ?» ብዬ ተቆጣሁት።

«ይቅርታ መምህር፤ የኔታ ባሉበት ቀድሜ አፌን አልከፍትም። እንዲህ ነው ያደግሁ።»

ሦስታችንም ሳቅን። የሳቅነው የመጨረሻ ሳቅ ያ ነው።

ጎንደር ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው የኔታን አስቆማቸው። «አባ፣ ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ዱላ አይዶለም ልጄ፤ መቋሚያ ነው።»

«ይሁን፤ እንጨት ነው። ከኔ ዘንድ ይቆይዎታል፣ አይጠፋም።»

ትሑት ሰው ነበሩና ሰጡት። የሰጡትን ማናችንም ልብ አላልንም።

ኃላፊው ከረባት ያሰረ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የምረግመው ሰው ይኖረኝ ነበር። ቁጭ በሉ አለን፣ አዳመጠን። የኔታ አስረዱት። «እንግዲያው ይበለው፣ ልስማው» አለ።

ልሳነወርቅ ምንጣፉ ላይ ቆመ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ገበያውን በዜማ ጀመረው። ድምፁ ቤተ ልሔም የተሞረደ ድምፅ ነው። ከጎረቤት ክፍል ጸሐፊዎች ብቅ ብቅ አሉ። በጉ ሲጠፋ ዜማው ዝቅ ይላል፤ እዚያ ሲደርስ አንዷ ጸሐፊ አፏን ያዘች። ኃላፊው መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ኋላ ፈገግታው ጠፋ።

«ድንቅ ነው» አለ ሲያበቃ። «ግን አባት፣ ይኸ ሰው የሚለውን ያውቀዋል? ወይስ የገደል ማሚቶ ነው?»

«ጠይቀው» አሉ የኔታ። እምነታቸው ነበር ያናገራቸው።

«እጠይቀዋለሁ። ሁለት ተራ ጥያቄ። ከመለሰ የሁሉንም ወረቀት ለብቻ ለብቻ እንደገና አሳርማለሁ። ግን እናንተ ሁለታችሁ አፋችሁን ብትከፍቱ ነገሩ እዚህ ያበቃል። እሺ?»

እሺ አልን። ኃላፊው ወደ ልሳነወርቅ ዞሮ በእንግሊዝኛ «ስምህ ማነው? ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?» አለው።

ልሳነወርቅ ወደ የኔታ ዞረ።

የኔታ ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ። መቋሚያው የለም። እጃቸው አየር ጨብጦ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ሦስታችንም የገባን። በእግራቸው ወለሉን መቱ፤ ምንጣፍ ነውና ድምፅ አልሰጠም። ደግመው መቱ። «አባት፣ ባሉበት ይቁሙ» አለ ኃላፊው። ልሳነወርቅ ዓይኑን ከየኔታ እጅ ላይ አልነቀለም። መልሱ ከጥርሱ ኋላ ደርሶ ቆሟል፤ አያለሁ። በሆዴ «በለው! በለው አንተ ሰው!» እላለሁ። ብናገር ያበቃል፤ ባልናገርም እያበቃ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እንዴት አባቱ አይነቅዝም! ነቀዘ እንጂ፣ ዓይናችን እያየ ነቀዘ።

ኃላፊው ጠበቀ፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጠበቀ። ደግሞም ጠየቀው፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ስሙን እንኳ መናገር አልቻለም» አለ። ያዘነ ይመስላል። «አባት፣ ደክመዋል፤ ግን ይኸ ትምህርት አይደለም።»

አሁን አፌን ከፈትሁ። «ጌታዬ፣ ያውቀዋል፤ መቋሚያው በር ላይ ቀርቶ ነው!» አልሁት። እስቲ አሁን ይኸን የሚሰማ ሰው ምን ይላል? አየኝና «ምን?» አለኝ። ልደግመው ስል ጸሐፊዋ በሩን ከፈተችልን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ «ተሰርዟል» ብሏል፣ ተሰርዟል።

በር ላይ ዘበኛው መቋሚያውን በሁለት እጁ አክብሮ መለሰ። የኔታ ተቀበሉትና አንድ እርምጃ ተራምደው የተጠረበውን ድንጋይ ተመረኮዙበት። ቋ! አለ።

ልሳነወርቅ ቆመ። ጽሕፈት ቤቱን ፊት ለፊት አይቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ማይ ኔም ኢዝ ልሳነወርቅ። አይ ኬም ፍሮም ጋይንት። አይ ሃቭ ኢትን ናዚንግ ዚስ ሞርኒንግ፣ ሰር» አለ። ስሜ ልሳነወርቅ ነው፤ ከጋይንት መጣሁ፤ ዛሬ ጠዋት ምንም አልቀመስሁም፣ ጌታዬ ማለቱ ነው። አንድ ስህተት የለበትም። ሮጬ ልመለስ ስል ዘበኛው ደረቴን ያዘኝ። «ወንድም ዓለም፣ ጉዳያችሁ አልቋል ብለዋል፤ እኔን እንጀራዬን አታሳጡኝ።»

የኔታ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

ስንመለስ ጉና ላይ ዝናቡ ያዘን፤ ወንዙ ሞልቶ አላሳልፍ አለን። ንፋስ መውጫ ስንደርስ ደመራው ነዶ አመዱ ብቻ ቀርቷል። ልሳነወርቅ ቤቱ ሲደርስ ያጎቱ ልጅ ማኅሌቱ ላይ ቆሞ አገኘው። አለቃው ቃላቸውን አላጠፉም፤ አስቀድመው ነግረውታላ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ገባች። እሱ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወረደ። ከአብሮ አጫጆቹ አንዱ ሲመለስ «ወባው ያዘው፤ ሲቃዥ የማይገባን ቋንቋ ይናገር ነበር» አለን። የኛ አገር ሰው ሲቃዥ በእንግሊዝኛ! ከዚያ በኋላ የሰማነው የለም።

የኔታ መቋሚያቸውን ለደብሩ ሰጡት፤ የመስከረሙን ትምህርት ባዶ እጃቸውን ገብተው ጀመሩ። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ጥያቄ ጠየቁ። የተቀመጡት እነዚያው ውጤታቸው ተሰርዞ ክፍል የሚደግሙት ናቸው። ሁሉም የየኔታን እጅ እያየ ይጠብቃል። «መልሱ እንጂ» አሉ። አንድም የመለሰ የለም። «ልጆቼ፣ ዝም ብላችሁ መልሱ፣ ፈቅጃለሁ» አሉ። ተያዩ። እስከ ደወሉ ድረስ እንደዚያ ተያይተው ተቀመጡ። የኔታ ሲወጡ በኔ አጠገብ አለፉ፤ «ተገኘ፣ ክፍሉን ያዘው» ብቻ አሉኝ። ቤተ ልሔም ገቡ፤ ከዚያም አልወጡ።

ክፍሉን ያዝሁት። የጠረጴዛውን ማስደገፊያ አወጣሁና አቧራውን አራግፌ ባቡሩንና ባሕሩን አስተማርሁ። ተማሪዎቼ ፈጥነው ይመልሳሉ፤ የወገዳው አለቃዬ ቢያዩኝ ደስ ይላቸው ነበር። ብዙዎቹ አለፉ። በሽኝቴ ላይ ስማቸው የተጠራው እነሱ ናቸው። የኔታ የሚያውቁትን ሩብ ያህል አላወቁም፤ ግን አለፉ። ይኸን ነው ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት። ሥራ ካላችሁት ሥራ ነው።

ከዘራውን አንድ ቀን ብቻ ይዤው ወጥቼ ነበር። ጭቃ ነበርና ጉልበቴን ፈርቼ ነው። ከግቢው ስወጣ የበሩን ድንጋይ ነካና ቋ! አለ። ሳላስበው ቆምሁ። ጆሮዬን አቀናሁ፤ መልስ ጠበቅሁ። ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ብላ ሮጣ መጣች። «ምንም» አልኋት። ተመልሼ ገባሁና ሰቀልሁት።